የጡረታ ገንዘብ የት ያድራል?

በየወሩ ከደመወዝ የሚቆረጥ የጡረታ መዋጮ ሁለት ጥያቄ አለው። አንደኛው «ስንት ተቆረጠ?» የሚለው ነው፤ ይህን ማንም ሠራተኛ ደመወዙን ሲፈርም ያየዋል። ሁለተኛው «የተቆረጠው ገንዘብ ባለቤቱ እስኪያረጅ ድረስ የት ያድራል?» የሚለው ነው። በሠላሳ ዓመት ቁጠባ ውስጥ የመጨረሻውን ድምር አብዝቶ የሚወስነው ይኸኛው ቢሆንም፣ በደመወዝ መክፈያው ላይ ስለማይታይ እምብዛም አይጠየቅም። አሠሪ በሚያዋጣበት የጡረታ ቁጠባ ውስጥ የኢንቨስትመንት አማራጮች ጥራት ሲባል ጉዳዩ ይኸው ነው፦ ገንዘቡ በምን ላይ ውሏል፣ ምን ያፈራል፣ ስንቱ በመንገድ ይቀራል፣ በክፉ ቀንስ ይገኛል ወይ?

ነገሩ የአዲስ አበባ ባንኮች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከላሊበላ በስተምሥራቅ፣ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ በኩል የምትገኘው ገነተ ማርያም በውቅር ቤተ ክርስቲያኗ ትታወቃለች፤ ሥራዋም ከዐፄ ይኩኖ አምላክ ዘመን ጋር ይያያዛል። በእንዲህ ያለ የላስታ ደጋ ላይ የእርጅና ጥሪት በአራት ዓይነት መንገድ ይጠራቀማል። መምህሩና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ሥር ናቸው። ላሊበላ ወርዶ ሆቴል የተቀጠረው ወጣት በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ ይታቀፋል። ገበሬው ከብት ያረባል፣ ባሕር ዛፍ ይተክላል፣ ልጅ ያሳድጋል። ካህኑ ደግሞ ደብሩንና ምእመኑን ተስፋ ያደርጋል። የኋለኞቹ ሁለቱ አሠሪ ስለሌላቸው ከዚህ ምዕራፍ ርእስ ውጪ ናቸው። ይሁን እንጂ የባሕር ዛፉና የከብቱ ነገር ስለ ፈንድ ጥራት ከብዙ የሒሳብ ሰንጠረዥ የተሻለ ስለሚያስረዳ፣ በኋላ ተመልሶ መነሣቱ አይቀርም።

በኢትዮጵያ ዘመናዊው የጡረታ ሥርዓት የተጀመረው በመንግሥት ሠራተኞች ነው። በ1953 ዓ.ም. በወጣው ድንጋጌ ቁጥር 46 ተቋቁሞ፣ በአዋጅ ቁጥር 209/1955 ጸና። ከዚያ በኋላ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ጡረታ ማለት የመንግሥት ሥራ ማለት ሆኖ ቆየ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ዕድለኛ ከሆነ ፕሮቪደንት ፈንድ፣ ማለትም በስሙ የሚጠራቀም ቁጠባ፣ ነበረው፤ ካልሆነም ሥራ ሲለቅ ስንብት ተቀብሎ ይሄድ ነበር። ሁኔታው የተለወጠው በ2003 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 714 የመንግሥት፣ አዋጅ ቁጥር 715 የግል ድርጅት ሠራተኞችን ጡረታ ሲደነግጉ ነው። ሁለቱም በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1267 እና 1268 ተተክተዋል። ቀድሞ ፕሮቪደንት ፈንድ የነበራቸው የግል ድርጅት ሠራተኞች በዚያው እንዲቀጥሉ ወይም ወደ ጡረታው እንዲገቡ ምርጫ ተሰጥቷቸው ስለነበር፣ ሁለቱ ሥርዓቶች ዛሬም ጎን ለጎን ይገኛሉ።

ልዩነታቸው ከስም ያለፈ ነው። ጡረታ የቀመር ተስፋ ነው። ሠራተኛው 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ሠራተኛው ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎ 60 ዓመት ሲሞላው፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት አማካይ ደመወዙ 30 በመቶ ይታሰብለታል፤ ከ10 ዓመት በላይ ላገለገለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል፤ ጣሪያው 70 በመቶ ነው። ሃያ አምስት ዓመት ያገለገለ ሰው እንግዲህ 48.75 በመቶ ያገኛል። አማካይ ደመወዙ 10,000 ብር ከነበረ አበሉ 4,875 ብር ይሆናል። በዚህ ቀመር ውስጥ ፈንዱ ያተረፈው ወይም የከሰረው ገንዘብ አንድም ቦታ አልተጠቀሰም። ፕሮቪደንት ፈንድ ግን ቀመር የለውም። በስሙ የተጠራቀመው ከነወለዱ ተደምሮ ይሰጠዋል፤ ገንዘቡ ያደረበት ቤት ጥሩ ከሆነ ይበዛል፣ መጥፎ ከሆነ ይሟሽሻል።

ከዚህ ተነሥቶ «ጡረተኛን የፈንዱ ኢንቨስትመንት አይመለከተውም» ማለት ይቀላል። ስሕተቱም እዚህ ላይ ነው። ፈንዱ ደካማ ፍሬ ካፈራ ጉዳቱ ወይ በመዋጮ ጭማሪ፣ ወይ በአበል አለመጨመር መልክ መምጣቱ አይቀርም። ቀድሞ በአዋጅ ቁጥር 345/1995 ሥር የሲቪል ሠራተኛው መዋጮ 4፣ የመንግሥት ድርሻ 6 በመቶ ነበር፤ ከ2003ቱ አዋጅ በኋላ ደረጃ በደረጃ ወደ 7 እና 11 አደገ። የአበሉም ነገር እንዲሁ ነው። በዓመት 15 በመቶ ዋጋ በሚያድግበት አገር፣ 4,875 ብር ሳይስተካከል አምስት ዓመት ከቆየ፣ በአምስተኛው ዓመት የሚገዛው ጡረታ በተወጣበት ቀን 2,424 ብር ይገዛ የነበረውን ያህል ብቻ ነው። አበሉ በአዋጅ አልተቀነሰም፤ ግማሹ ግን ሄዷል። ማስተካከያ የሚደረገው ደግሞ ፈንዱ ሲችል ነው፤ ፈንዱ የሚችለውም ገንዘቡ ሲያፈራ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው የጥራት መለኪያ ከዋጋ ንረት በኋላ የሚተርፈው ነው። ባንክ የጻፈው ወለድ ግማሽ ወሬ ነው፤ ሌላው ግማሽ ገበያ ላይ ነው ያለው። በኢትዮጵያ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ለዓመታት 5 በመቶ ሆኖ ቆይቶ፣ በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብር በ15 በመቶ ሲዳከም ወደ 7 ከፍ አለ። በዚያው ዘመን የዋጋ ንረቱ ግን በ2000 ዓ.ም.፣ ከዚያም በ2003 እና በ2004 ዓ.ም. መካከል፣ እንዲሁም በ2014 ዓ.ም. ከ30 በመቶ በላይ ወጥቷል። ረጋ ያለ የሚባለው ዓመት እንኳ ብዙ ጊዜ ከባንኩ ወለድ በላይ ነበር።

ይህን በቁጥር ማየት ይጠቅማል። አንድ መቶ ብር በ7 በመቶ ለአሥር ዓመት ቢቀመጥ ወደ 197 ብር ይደርሳል፤ ባለቤቱም እጥፍ ሆነልኝ ይላል። በእነዚያ አሥር ዓመታት ዋጋ በየዓመቱ 15 በመቶ ካደገ ግን፣ መጀመሪያ በ100 ብር ይገዛ የነበረው ዕቃ 405 ብር ገደማ ሆኖ ይጠብቀዋል። እጥፍ የሆነው ገንዘብ የሚገዛው የቀድሞውን ግማሽ አይሞላም። ወለዱ 2 በመቶ ቢሆንስ? 122 ብር ይሆናል፤ የሚገዛውም የቀድሞውን 30 ብር ያህል ነው።

ሁለት በመቶው ለምሳሌ ያህል የተጋነነ አይደለም። የ2003ቱ አዋጆች የጡረታ ፈንድ በግምጃ ቤት ቦንድ እንዲውል፣ ከዚያም በላይ በመመሪያ በሚወሰኑ አትራፊና አስተማማኝ ሥራዎች ላይ እንዲውል ፈቅደዋል። በተግባር ግን ዋናው ማደሪያ የመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ ሆነ። እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ የዚህ ሰነድ ወለድ ከ3 በመቶ በታች የነበረ ሲሆን፣ የጡረታ ፈንዶች ከዋነኞቹ ያዦቹ መካከል ነበሩ። በሌላ አነጋገር መምህሩ ያዋጣው ገንዘብ ለመንግሥት እጅግ ርካሽ ብድር ሆኖ አገለገለ። በዚያ ብድር መንገድና ትምህርት ቤት ተሠርቶ ይሆናል፤ መምህሩም በአገሪቱ መንገድ ሄዷል። የጡረታ ፈንድ ግን የልማት በጀት አይደለም። ርካሽ ብድሩን ያበደረው ራሱ አዋጪው መሆኑን ማንም በግልጽ አልነገረውም፤ ከዚህ ጉዳይ ሁሉ ደካማው ቦታም ይኸው ነው።

በ2012 ዓ.ም. የግምጃ ቤት ሰነድ ዋጋው በጨረታ እንዲወሰን ተደረገ፤ በኋላም ወለዱ ከ10 በመቶ በላይ ወጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግም የብሔራዊ ባንክ የፖሊሲ ወለድ 15 በመቶ ሆኖ ነበር። ያው ሰነድ፣ ያው አበዳሪ፣ ያው ተበዳሪ፤ የተለወጠው የዋጋ አወጣጡ ብቻ ነው። «የግምጃ ቤት ሰነድ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» የሚለው ጥያቄ ስለዚህ መልስ የለውም። «በስንት ወለድ፣ ዋጋው በምን ያህል እያደገ ባለበት ዓመት?» ሲባል ነው መልስ የሚገኘው።

ከላይ የተተወው ባሕር ዛፍ እዚህ ላይ ይመለሳል። በላስታ ደጋ ከማሳው ዳር ባሕር ዛፍ የተከለ ገበሬ ምንም ወለድ አያገኝም። ነገር ግን የእንጨት ዋጋ ከሌላው ዋጋ ጋር አብሮ ስለሚያድግ፣ ዛፉም በየዓመቱ ስለሚረዝም፣ ጥሪቱ ከንረት የተጠበቀ ነው። ሳያውቀው የያዘው ንብረት መምህሩ በፈንዱ በኩል ከያዘው ሰነድ የተሻለ ሆኖ የቆየባቸው ብዙ ዓመታት አሉ። ዕቁብም በዚህ ረገድ ይታያል፤ ወለድ ባይኖረውም ዕጣ የደረሰው ሰው ብሩን ቶሎ ወደ ዕቃ ይለውጠዋል። ዋጋ በሚንርበት ዓመት የሚጎዳው ዕጣው መጨረሻ ላይ የደረሰው ነው፤ በዕቁብተኞች ዘንድ ቀዳሚ ዕጣ የሚወደደውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ከብቱ ግን ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ወሎ በ1965 እና በ1966 ዓ.ም.፣ ላስታም በ1977 ዓ.ም. ባዩት ረኀብ፣ ገበሬው ጥሪቴ ብሎ ያቆየውን በሬና በግ ለመሸጥ ገበያ ሲያወጣ ጎረቤቱም በዚያው ቀን አውጥቶ ነበር። ሁሉም ሻጭ በሆነበት ገበያ የከብት ዋጋ በእህል ሲመነዘር ወደቀ። በደኅና ጊዜ ውድ የሆነ ንብረት በሚፈለግበት ቀን ርካሽ ሆነ። የፈንድ ባለሙያዎች ይህን የመሸጥ አቅምና የአብሮ መውደቅ ጉዳይ ይሉታል። የላስታ ሰው ግን ያለ ስም ያውቀዋል፤ ስለዚህም ማሳው አንድ ቦታ ብቻ እንዳይሆን ይጠነቀቃል። ቆላው ቢደርቅበት ደጋው ይሰጠዋል፤ ጤፉ ቢመታ ገብሱ ይተርፋል።

ሁለተኛው የጥራት መለኪያ ይኸው መበታተን ነው፤ እጅግ የሚጣሰውም በአሠሪ በኩል በሚደረግ ቁጠባ ነው። ሠራተኛው ቀድሞውኑ ደመወዙን በአሠሪው ላይ ጥሏል። ጥሪቱም በዚያው አሠሪ ላይ ከዋለ፣ ድርጅቱ ሲወድቅ ሥራውንም እርጅናውንም በአንድ ቀን ያጣል። በዚህ ረገድ በዓለም የታወቀው ምሳሌ በአሜሪካ የኃይል ኩባንያ የነበረው ኤንሮን ነው። የኩባንያው ሠራተኞች የጡረታ ቁጠባ 60 በመቶ ያህል በኤንሮን አክሲዮን ላይ የዋለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2000 አንዱ አክሲዮን 90 ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር፤ ኩባንያው በታኅሣሥ 2001 ሲከስር ከአንድ ዶላር በታች ወርዶ ነበር። ሠራተኞቹ አክሲዮኑን የያዙት የሚያውቁትን ቤት ስላመኑ ነው። የሚያውቁት መስሏቸው ነበር ቢባል ይሻላል።

በላሊበላ ይህ አደጋ ሌላ መልክ ነበረው። የከተማዋ ኑሮ በእንግዳ ላይ የቆመ ነው። ውቅር አብያተ ክርስቲያናቷ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ ሆቴሉ፣ አስጎብኚው፣ የመኪና አከራዩ፣ የእጅ ሥራ ነጋዴው ሁሉ ከአንድ ምንጭ ይጠጣሉ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ከተማዋ ደረሰ። በረራው ሲቆም ሁሉም በአንድ ላይ ደረቀ። በእንዲህ ያለ ቦታ የአንድ ሆቴል ፕሮቪደንት ፈንድ በዚያው ሆቴል ማስፋፊያ ላይ የዋለ ቢሆን፣ ወይም ባለቤቱ ለጊዜው ተበድሮት ቢሆን፣ የሚመለስበት ቀን አይታወቅም ነበር። በአገር አቀፉ ጡረታ ውስጥ የነበረው ሠራተኛ በተቃራኒው እስከዚያ ቀን ያዋጣው በላሊበላ ዕጣ ላይ አልተንጠለጠለም፤ ፈንዱ ከመላ አገሪቱ የተሰበሰበ ነውና። የጡረታው ትልቁ ጥንካሬ ይህ ነው፤ ሲወቀስም አብሮ ሊነሣ ይገባዋል። ያም ሆኖ ሥራ ሲቆም መዋጮም ይቆማል። አሥር ዓመት ያልሞላው ሰው ዕድሜው ሲደርስ በየወሩ አበል ሳይሆን በአንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ነው የሚያገኘው።

የሆቴል ሠራተኛን በተመለከተ ብዙም የማይነሣ አንድ ነገር አለ። መዋጮ የሚታሰበው በመደበኛ ደመወዝ ላይ ነው። ደመወዙ 4,000 ብር ሆኖ ከእንግዳ የሚያገኘው ጉርሻ 3,000 ብር ቢሆን፣ ለጡረታ የሚቆጠረው 4,000ው ብቻ ነው፤ 280 ከእርሱ፣ 440 ከአሠሪው፣ በድምሩ 720 ብር። ኑሮው በ7,000 ብር ልክ ተዘርግቶ እርጅናው በ4,000 ልክ ይሰፋል። በደጉ ዘመን ጉርሻው ከደመወዙ ይበልጥ የነበረ አስተናጋጅማ ጡረታው ከቀድሞ ኑሮው ጋር ፈጽሞ አይገናኝም። ይህን ክፍተት የትኛውም የፈንድ ጥራት አይሞላውም።

መበታተን በንብረት ዓይነትም ይታያል። በንጉሡ ዘመን ብዙ የከተማ ሰው እርጅናውን በሚያከራየው ቤት ላይ ጥሎ ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤት በአዋጅ ሲወረስ፣ ያ ጥሪት በአንድ ቀን የመንግሥት ሆነ። ቤት ዛሬም በከተማው ሰው ዘንድ ከሁሉ የታመነ ጡረታ ነው። ንረትን በመቋቋም ረገድም ተወዳዳሪ ያለው አይመስልም። ነገር ግን ከፍሎ መሸጥ አይቻልም፤ መድኃኒት ለመግዛት አንድ ክፍል ነጥሎ የሚሸጥ የለም።

ሦስተኛው መለኪያ ወጪ ነው። የአሠሪ ቁጠባ በሰፊው በግለሰብ ሒሳብ በሚያዝባቸው አገሮች ትልቁ ክርክር ይኼ ነው። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ በሆቴል፣ በሆስፒታልና በመኪና ማቆሚያ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን «ፎር-ኦ-ዋን ኬይ» ከሚባለው ቁጠባ ጋር ይገናኛሉ። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1978 ከወጣ የግብር ሕግ አንቀጽ ነው። እዚያ ሠራተኛው በርካታ ፈንዶች ተዘርዝረውለት ራሱ ይመርጣል፤ እያንዳንዱ ፈንድም በየዓመቱ ከተጠራቀመው ላይ የአስተዳደር ክፍያ ይቆርጣል። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር ለሠራተኞች በሚያሠራጨው ምሳሌ፣ 25,000 ዶላር ሌላ ሳይጨመርበት በ7 በመቶ ለ35 ዓመት ቢቀመጥና ክፍያው 0.5 በመቶ ቢሆን 227,000 ዶላር ይደርሳል። ክፍያው 1.5 በመቶ ሲሆን ግን 163,000 ላይ ይቆማል። በአንዲት መቶኛ የክፍያ ልዩነት 28 በመቶው ሄደ ማለት ነው። ሠራተኛው ደረሰኝ አልተቆረጠለትም፤ ከኪሱ የወጣ ነገርም አላየም።

በኢትዮጵያ ጡረታ ይህ ዓይነት ክፍያ ለአዋጪው አይታይም፣ ምክንያቱም የግል ሒሳብ የለውም። በፕሮቪደንት ፈንድ ደግሞ ገንዘቡ ብዙ ጊዜ በተራ የባንክ ቁጠባ ስለሚቀመጥ የአስተዳደር ወጪው ትንሽ ነው፤ ዋጋው የሚከፈለው በንረት ነው። በካፒታል ገበያው ፈቃድ ያላቸው የፈንድ አስተዳዳሪዎች ሲበዙ ግን የአሜሪካው ክርክር ወደዚህ መምጣቱ አይቀርም። የ0.5 እና የ1.5 ልዩነት ያን ጊዜ ትንሽ ሊመስል ይችላል።

አራተኛው ጉዳይ የአማራጭ ብዛት ነው፤ እዚህ ላይ ተራ አስተሳሰብ ይሳሳታል። ብዙ አማራጭ ጥሩ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2004 ተመራማሪዋ ሺና አየንጋርና ባልደረቦቿ ወደ 800,000 የሚጠጉ የአሜሪካ ሠራተኞችን መረጃ መርምረው ሲያበቁ ያገኙት ተቃራኒውን ነው። ለሠራተኛው የሚቀርቡት ፈንዶች በአሥር በጨመሩ ቁጥር በቁጠባው የሚሳተፈው ሠራተኛ ከ1.5 እስከ 2 መቶኛ ነጥብ ያህል ይቀንስ ነበር። ሰው ምርጫ ሲበዛበት ነገ እመርጣለሁ ይላል፤ ነገም አይመጣም። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለገዛ ሠራተኞቹ ያቋቋመው ትሪፍት ሴቪንግስ ፕላን በአምስት መሠረታዊ ፈንዶች ላይ የቆመ ነው፤ የመንግሥት ሰነድ፣ ቦንድ፣ ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች፣ ትንንሾቹ፣ የውጭ አገር ኩባንያዎች። ክፍያቸው እጅግ አነስተኛ ነው፤ ዋና ዋናዎቹ የሰነድና የአክሲዮን ዓይነቶች በውስጣቸው አሉ። ናይጄሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ አዋጪዎችን በዕድሜ ከፍላ የተለያየ ፈንድ ውስጥ ታስገባለች፤ ወጣቱ ብዙ አክሲዮን፣ ለጡረታ የቀረበው ብዙ ቦንድ ይይዛል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የ25 ዓመት ሰው የወደቀ ገበያ እስኪነሣ ይጠብቃል፤ የ59 ዓመት ሰው ጊዜ የለውም።

ከአማራጭ ብዛት ጋር የኅሊና ነገርም ይነሣል። በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ መሥሪያ ቤት ይሠራሉ፣ በአንድ ፈንድ ያዋጣሉ። ወለድ የማይቀበል ሠራተኛ የፕሮቪደንት ፈንዱ በወለድ ሒሳብ ላይ ከዋለ ድርሻውን እንዴት ያድርገው? ከወለድ ነፃ ባንክ በኢትዮጵያ በመስኮት ደረጃ ቆይቶ፣ በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ጀምሯል። አንድ ፈንድ ሁለት ሒሳብ ከፍቶ ለአባላቱ ምርጫ ቢሰጥ የሚጨምረው ወጪ ጥቂት ነው፤ ሠራተኛውን ማክበሩ ግን ይታያል።

አምስተኛው መለኪያ የማን እጅ ገንዘቡን ይዟል የሚለው ነው። በእንግሊዝ የጋዜጣ ባለቤት የነበረው ሮበርት ማክስዌል እ.ኤ.አ. በኅዳር 1991 ሲሞት፣ ከሠራተኞቹ የጡረታ ፈንዶች ከ400 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ጎድሎ ተገኘ። ገንዘቡ ሲወሰድ የፈንዱ ባላደራዎች ከአሠሪው ጋር አንድ ስለነበሩ የሚከለክል አልነበረም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1995 ጠንከር ያለ የጡረታ ሕግ ያወጣችው በዚህ ምክንያት ነው። ኬንያ ደግሞ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን አቋቁማ ለእያንዳንዱ የንብረት ዓይነት ጣሪያ አስቀምጣለች፤ ለመንግሥት ሰነድ እስከ 90 በመቶ፣ ለተመዘገበ አክሲዮን እስከ 70፣ ለቋሚ ንብረት እስከ 30፣ ለውጭ አገር ኢንቨስትመንት እስከ 15። ጣሪያው ማንም አስተዳዳሪ ሁሉን ነገር በአንድ ላይ እንዳይጥል ይከለክላል። ዝቅተኛ ፍሬን ግን አይከለክልም፤ 90 በመቶውን በደካማ ሰነድ ላይ ማሳደር ሕጋዊ ነው።

በኢትዮጵያ ፕሮቪደንት ፈንዶች ውስጥ ሠራተኛው የሚጠበቅበት ዋናው መንገድ የፊርማ ነው። ሒሳቡ በአሠሪው ስም ብቻ ከተከፈተ ገንዘቡ በተግባር የድርጅቱ ነው፤ ድርጅቱ ሲቸገር መጀመሪያ የሚነካው ይህንኑ ይሆናል። በአሠሪውና በሠራተኛ ማኅበሩ ተወካዮች ጥምር ፊርማ ከተንቀሳቀሰ፣ ዓመታዊ ሒሳቡ ለአባላት ከተነበበ፣ ለአባላት የሚሰጠው ብድር ወለዱም ጣሪያውም በጽሑፍ ከሆነ፣ ትንሽ ፈንድም ቢሆን ጤናማ ነው። ግብሩም ያግዘዋል፤ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት አሠሪው ለሠራተኛው ጡረታ ወይም ፕሮቪደንት የሚያዋጣው ከወር ደመወዙ 15 በመቶ እስካልበለጠ ድረስ ከግብር ነፃ ነው።

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ አንድ አስተዋይ ባላደራ ገንዘቡን ከባንክ አውጥቶ የሚወስድበት ሌላ ቦታ ብዙም አልነበረውም። የባንክና የኢንሹራንስ አክሲዮን ቢኖርም፣ መሸጥ ሲፈለግ ገዢ ፍለጋ ሰው በሰው ነበር። ይህ በመለወጥ ላይ ነው። የካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 ተቆጣጣሪውን ባለሥልጣን ፈጠረ፤ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ተከፈተ፤ በመጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። በዚያው ዓመት ኢትዮ ቴሌኮም 10 በመቶ ድርሻውን በ100 ሚሊዮን አክሲዮን ከፍሎ አንዱን በ300 ብር ለሕዝብ አቀረበ። ከ47,000 በላይ ሰዎች 10.7 ሚሊዮን ያህሉን ገዙ፤ 3.2 ቢሊዮን ብር ተሰበሰበ። ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር።

ይህ ለጡረታ ፈንድ ምን ይፈይዳል? አክሲዮን የኩባንያ ድርሻ ስለሆነ፣ ኩባንያው የሚሸጠው ነገር ዋጋው ሲጨምር ገቢው አብሮ የማደግ ዕድል አለው፤ በዚህ በኩል ለባሕር ዛፉ ይቀርባል። ነገር ግን ጥቂት ድርጅቶች ብቻ በተመዘገቡበት፣ አብዛኞቹም ባንኮች በሆኑበት ገበያ መበታተን ስም ብቻ ነው። አሥር የባንክ አክሲዮን መያዝ በአንድ ተዳፋት ላይ አሥር ማሳ እንደ መያዝ ነው፤ ጎርፉ ሲመጣ አንዱን ለይቶ አይወስድም። ትልቅ ፈንድ ደግሞ በትንሽ ገበያ ሲገዛ ዋጋውን ራሱ ያስወድዳል፤ ሲሸጥ ራሱ ያወርደዋል፤ የረኀቡ ዘመን የከብት ገበያ ዓይነት ነው። ስለዚህ ለቅርብ ዓመታት የአገር አቀፉ ፈንድ ዋና ማደሪያ የመንግሥት ሰነድ ሆኖ መቀጠሉ ሊያስገርም አይገባም። ዋጋው በእውነተኛ ጨረታ ከተወሰነም ነውር የለውም። የሚጠየቀው ፈንዱ በጨረታው እንደ ማንኛውም አበዳሪ ዋጋ እየጠየቀ መግባቱ ነው።

አዋጪው በበኩሉ ማየት የሚችለው ጥቂት ነው፤ ያም ቢሆን አለ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ከሆነ መዋጮው በትክክል በስሙ ገቢ መሆኑን በጡረታ መለያ ቁጥሩ ማረጋገጥ ይችላል። የላሊበላ ሆቴሎች በተዘጉባቸው ወራት የተቋረጠ ወር ካለ የሚታወቀው በዚህ ነው። ፕሮቪደንት ፈንድ ላይ ያለ ሠራተኛ የባንኩን ስም፣ የወለዱን መጠን፣ የፈራሚዎቹን ማንነትና የመጨረሻውን ዓመት ሒሳብ መጠየቅ ይችላል። ገንዘቡ ሁሉ በ7 በመቶ ቁጠባ ላይ ካለ፣ የተወሰነው በጨረታ ወደሚሸጥ የግምጃ ቤት ሰነድ እንዲዛወር ማኅበሩ ለባላደራዎቹ ሐሳብ ማቅረብ ይችላል። ሰነዱ የሚሸጠው በ28፣ በ91፣ በ182 እና በ364 ቀን ስለሆነ፣ ጡረታ የሚወጣ አባል ሲኖር ገንዘቡ ሩቅ አይታሰርም።